ቡድኑ በእርግጥ ጥሩ ያጠቃል? በፖሴሽን የሚገኝ ነጥብን መቁጠር፣ ማስላትና ማንበብ

በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ የ1990–91 የውድድር ዘመን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ27ቱ ቡድኖች ሁሉ ብዙ ነጥብ ያስቆጠረው ዴንቨር ነጌትስ ነበር። በጨዋታ በአማካይ 119.9 ነጥብ። በዚያው ዓመት ዋንጫውን ያነሳው የማይክል ጆርዳን ቺካጎ ቡልስ ያስቆጠረው 110.0 ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው ዴንቨር በማጥቃት ከቺካጎ በ10 ነጥብ ይሻላል ቢል አይፈረድበትም። ዴንቨር ግን ያን ዓመት 20 ጨዋታ አሸንፎ 62 ተሸንፏል።

የተለመደው መልስ «መከላከል አይችሉማ» የሚል ነው። እውነት ነው፣ በጨዋታ 130.8 ነጥብ ይቆጠርባቸው ነበር። ግን ማጥቃታቸውም ደካማ ነበር። አሰልጣኙ ፖል ዌስትሄድ ቡድኑን ያለ ፋታ ያስሮጡት ስለነበር፣ ኳስ በእጃቸው በገባ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይሞክራሉ፣ ተጋጣሚያቸውም በፍጥነት ይመልሳል፣ እነሱም እንደገና ይሮጣሉ። በዚህ ዓይነት በ48 ደቂቃ ውስጥ 114 ጊዜ ያህል ኳስ ይደርሳቸዋል። ቺካጎ ደግሞ ወደ 96 ጊዜ። ስለዚህ ነጥቡን ለጨዋታ ሳይሆን ኳስ ለደረሳቸው ጊዜ ስናካፍለው ቺካጎ በ100 ዕድል 114.6 ነጥብ ያገኛል፣ ዴንቨር 105.2። የሊጉ አማካይ 107.9 ነበር። በብዙ ነጥብ አንደኛ የሆነው ቡድን ማጥቃቱ ከሊጉ አማካይ በታች ነበር ማለት ነው።

ገበሬ ስለ ምርቱ ሲጠየቅ በሄክታር ስንት ኩንታል እንዳገኘ ይናገራል እንጂ የጎተራውን ጠቅላላ ብቻ ጠርቶ ዝም አይልም። የቅርጫት ኳስ ሄክታር ፖሴሽን ነው። ከዚህ በታች ፖሴሽን እንዴት እንደሚቆጠር፣ ከጨዋታ ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚሰላ፣ የተገኘው ቁጥር እንዴት እንደሚነበብና የት የት እንደሚያሳስት እናያለን። የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ወረቀትና ስልክዎ ላይ ያለው ካልኩሌተር ብቻ ነው።

መጀመሪያ፦ አንድ ፖሴሽን የት ይጀምራል፣ የት ያልቃል?

እግር ኳስ የሚከታተል ሰው «የኳስ ቁጥጥር 62 በመቶ» ሲባል ለምዷል። እዚህ የምንቆጥረው ጊዜን ሳይሆን ተራን ነው። አንድ ቡድን ኳሱን ከተረከበበት ቅጽበት ጀምሮ ለተጋጣሚው እስከሚያስረክብበት ድረስ አንድ ፖሴሽን ነው። 4 ሰከንድ ይፍጅ 24 ሰከንድ፣ ቆጠራው ላይ ለውጥ የለውም።

ፖሴሽን የሚያልቀው ከእነዚህ በአንዱ ነው፦

- ኳሱ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ፤
- የሳተውን ኳስ ተከላካዩ ቡድን ሲይዘው፤
- ሳይሞከር ሲበላሽ፣ ማለትም ሲነጠቅ፣ ከመስመር ሲወጣ፣ ትራቭሊንግ (ኳሱን ሳያነጥሩ መራመድ) ወይም የአጥቂ ፋውል ሲነፋ፣ ለሙከራ የተፈቀደው 24 ሰከንድ ሲያልቅ (እነዚህን ሁሉ በአንድነት ተርንኦቨር እንላቸዋለን)፤
- የመጨረሻው ፍሪ ትሮው (በፋውል ምክንያት ያለ ተከላካይ የሚወረወር ኳስ) ሲገባ ወይም ስቶ ተጋጣሚ ሲይዘው፤
- ሩቡ ሲያልቅ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ቡድኑ ሞክሮ ከሳተ በኋላ የሳተውን ኳስ (ሪባውንዱን) ራሱ ከያዘው፣ ያ አዲስ ፖሴሽን አይደለም። ኳሱ መቼ ለተጋጣሚ ተላለፈና? ሦስት ጊዜ ስቶ ሦስት ጊዜ ራሱ አንስቶ በአራተኛው ቢያገባ እንኳ አንድ ፖሴሽን፣ 2 ነጥብ ነው። ተከላካይ መትቶ ከመስመር ያወጣው ኳስም እንዲሁ፤ አጥቂው መልሶ ያስጀምራል፣ ፖሴሽኑ ይቀጥላል።

በዚህ ደንብ ላይ ድርቅ ማለት ያስፈልጋል። ኳሱ በተራ ስለሚሄድ በአንድ ሩብ ውስጥ የሁለቱ ቡድኖች ፖሴሽን ከአንድ በላይ ሊለያይ አይችልም። በሙሉ ጨዋታም ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ከ0 እስከ 2 ነው። ሁለቱም እኩል ዕድል ስላገኙ፣ በእያንዳንዱ ዕድል ይበልጥ ያተረፈው ያሸንፋል። በሙከራ ብዛት፣ በሪባውንድ ብዛት ወይም በደቂቃ ብንለካ ይህ እኩልነት አይገኝም። የማጥቃት ሪባውንድን እንደ አዲስ ፖሴሽን ከቆጠርን ደግሞ እኩልነቱ ይፈርሳል፣ መለኪያውም ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ቆጥረው ሲጨርሱ አንዱ ቡድን 74 ሌላው 83 ሆኖ ከመጣ፣ አትጠራጠሩ፣ ቆጠራው ተሳስቷል።

24 ሰከንዱ ራሱ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነት ስሌት ነው። ኖቬምበር 22 ቀን 1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ 18 አሸነፈ፤ ኳሱን ይዘው ስለቆሙ ተመልካቹ ጨዋታ ሳያይ ወደ ቤቱ ገባ። የሲራኪዩስ ናሽናልስ ባለቤት ዳኒ ቢያሶኔ ግን ደህና የሚባሉትን ጨዋታዎች ሲያስብ፣ እያንዳንዱ ቡድን 60 ጊዜ ያህል፣ ሁለቱ አንድ ላይ 120 ጊዜ እንደሚሞክሩ ታየው። 48 ደቂቃ 2,880 ሰከንድ ነው። ለ120 ሲካፈል 24። ከ1954 ጀምሮ ሕግ ሆነ።

በሜዳው ዳር በደብተር መቁጠር

የሰፈር፣ የትምህርት ቤት ወይም የማኅበረሰብ ውድድር ስታትስቲክስ የሚባል ነገር ላይኖረው ይችላል፤ ጠረጴዛው ላይ የሚያዘው የስኮር ሺት ነጥብና ፋውል ብቻ ነው። እዚያ ቀመር አያስፈልግም፣ በቀጥታ ይቆጠራል። አንድ ገጽ ለሁለት ይከፈልና ለእያንዳንዱ ፖሴሽን አንድ ምልክት ብቻ ይጻፋል። እኔ የምመርጣቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ 2 እና 3 የገባ ቅርጫት፤ 0 ስቶ ተጋጣሚ የወሰደው፤ «ተ» ተርንኦቨር፤ «ፍ» እና ቁጥር፣ በፍሪ ትሮው የተገኘ ነጥብ፤ «ሪ» ደግሞ ከፊት ሲቀመጥ የራሱን ሪባውንድ ይዞ ፖሴሽኑ ቀጥሏል ማለት ነው። ቅርጫት ገብቶ በላዩ ፋውል ከተነፋና ፍሪ ትሮውም ከገባ 2+1 ይጻፋል፤ አንድ ምልክት፣ አንድ ፖሴሽን።

የጨዋታው መጀመሪያ እንዲህ ቢሄድ፦

ሀ፦ 2 / ተ / 0 / ሪ3 / ፍ1
ለ፦ 0 / 2 / 3 / ተ / 0

ሀ በ5 ፖሴሽን 6 ነጥብ አግኝቷል፣ 1.2 ማለት ነው። ለ በ5 ፖሴሽን 5 ነጥብ፣ 1.0። የሀን አራተኛ ምልክት ልብ ይበሉ። «ሪ3» ማለት ሞክሮ ሳተ፣ ራሱ አነሳው፣ ወደ ውጭ አቀበለና ከሦስት ነጥብ መስመር ገባ። ነጥቡን ያገባው ተጫዋች ይጨበጨብለታል፤ ፖሴሽኑን ያዳነው ግን ሪባውንዱን የያዘው ነው፣ ምልክቱም ያንን ይዞ ይቀራል።

ሁለት ነገር አስቀድመው ይወስኑ። የቴክኒክ ፋውል ፍሪ ትሮው ፖሴሽን አይጀምርም፣ አያስጨርስምም፤ ነጥቡን ኅዳጉ ላይ ይጻፉት። ሩቡ ሊያልቅ 1 ሰከንድ ሲቀር ከራስ ሜዳ የሚወረወረውን ኳስ አንዳንዶች ይቆጥሩታል፣ አንዳንዶች ይተዉታል። የወደዱትን ይምረጡ፣ ግን ለሁለቱም ቡድን፣ ዓመቱን ሙሉ፣ አንድ ዓይነት ይሁን።

ከሰንጠረዥ ማስላት

ጨዋታውን ያላየነው ከሆነና የስታትስቲክስ ሰንጠረዥ ብቻ ካለን፣ ፖሴሽኑን በዚህ ቀመር እንገምታለን፦

ፖሴሽን = የቅርጫት ሙከራ + (0.44 × የፍሪ ትሮው ሙከራ) − የማጥቃት ሪባውንድ + ተርንኦቨር

ቀመሩን ከመሸምደድ እያንዳንዱ ምልክት ለምን እንደተቀመጠ ማወቅ ይሻላል። ፖሴሽን በሙከራ፣ በፍሪ ትሮው ወይም በተርንኦቨር ያልቃል፣ ስለዚህ ሦስቱ ይደመራሉ። ቡድኑ ስቶ ራሱ ካነሳው ግን በአንድ ፖሴሽን ሁለት ሙከራ ተመዝግቧል፤ ያንን ትርፍ ለማውጣት የማጥቃት ሪባውንድ ይቀነሳል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው 0.44 ከየት መጣ ብሎ ነው። ፍሪ ትሮው ሁልጊዜ በጥንድ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አንድ ፖሴሽን ይሆኑና ማባዣው 0.5 ይሆን ነበር። ነገር ግን ቅርጫት ገብቶ በላዩ የሚሰጠው አንድ ፍሪ ትሮው ሙከራው አስቀድሞ ተቆጥሮለታል፣ ስለዚህ ድርሻው 0 ነው። የቴክኒክ ፋውልም 0 ነው። ከሦስት ነጥብ መስመር ሲሞክር ፋውል የተሠራበት ተጫዋች ሦስት ይመታል፣ የእያንዳንዱ ድርሻ አንድ ሦስተኛ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ተቀላቅለው በኤንቢኤ አማካዩ ወደ 0.44 ይወርዳል። በአሜሪካ ኮሌጅ ጨዋታ 0.475 የሚጠቀሙ አሉ፣ እዚያ የፋውል ሕጉ የተለየ ስለሆነ። ለእኛ ጨዋታ 0.44 በቂ ነው፤ 20 ፍሪ ትሮው ባለበት ጨዋታ በሁለቱ ማባዣዎች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፖሴሽን እንኳ አይሞላም።

አሁን በእውነተኛ ቁጥር እንሞክረው። በ1995–96 ቺካጎ ቡልስ 72 አሸንፎ 10 ሲሸነፍ በ82 ጨዋታ ያስመዘገበው ይህ ነው፦ 8,625 ነጥብ፣ 6,892 የቅርጫት ሙከራ፣ 2,004 የፍሪ ትሮው ሙከራ፣ 1,247 የማጥቃት ሪባውንድ፣ 1,175 ተርንኦቨር።

0.44 × 2,004 = 882
6,892 + 882 − 1,247 + 1,175 = 7,702
8,625 ÷ 7,702 = 1.12

በ100 ፖሴሽን 112 ነጥብ መሆኑ ነው። ባስኬትቦል ሪፈረንስ የተባለውን ድረ ገጽ ከፍተው ቢያዩ ግን የዚያን ዓመት ቺካጎ 115.2 ብሎ ያገኙታል። ማን ተሳሳተ? ማንም። የሳተ ኳስ በተከላካይ ተነክቶ ከመስመር ሲወጣ አጥቂው ቡድን መልሶ ያገኘዋል፣ ግን በማንም ተጫዋች ስም ሪባውንድ አይመዘገብም። አጭሩ ቀመር ያንን ስለማይቀንስ ፖሴሽኑን በጨዋታ 2 ወይም 3 ያበዛዋል፤ የድረ ገጹ ረጅም ቀመር የተጋጣሚውንም ቁጥር ጨምሮ ያስተካክለዋል። የኤንቢኤ ይፋዊ ድረ ገጽ ደግሞ ሌላ ነው፦ ለ2023–24ቱ ሻምፒዮን ቦስተን ሴልቲክስ 122.2 ሲል ባስኬትቦል ሪፈረንስ 123.2 ይላል። ስለዚህ ቁጥር ሲያነጻጽሩ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይሁኑ። አንዱን ቡድን ከዚህ ሌላውን ከዚያ ወስዶ «በአንድ ነጥብ ይበልጣል» ብሎ መከራከር የትም አያደርስም።

«ጥሩ» የሚባለው ስንት ነው?

ቋሚ መልስ የለውም። በ2003–04 የኤንቢኤ አማካይ በ100 ፖሴሽን 102.9 ነበር፤ በ2023–24 115.3 ሆነ። በመካከሉ በ2004 ተከላካይ በእጁ አጥቂውን እየዳሰሰ እንዳይከላከል ቁጥጥሩ ጠበቀ፣ የሦስት ነጥብ ሙከራም በጨዋታ ከ15 ገደማ ወደ 35 አደገ። በ2004 ዋንጫ የወሰደው ዲትሮይት ፒስተንስ ማጥቃቱ 102 ገደማ ብቻ ነበር። ዛሬ ያንን ይዞ የሚጫወት ቡድን ቢኖር የሊጉ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ዲትሮይት ያሸነፈው ተጋጣሚዎቹን ወደ 95 ስላወረዳቸው ነው።

ስለዚህ አንድን ቡድን ከዚያው ሊግ፣ ከዚያው ዓመት ጋር ብቻ ያወዳድሩ። ለሰፈር ጨዋታ ደግሞ ማነጻጸሪያዎ የራስዎ ውድድር አማካይ ነው፤ የኤንቢኤን ቁጥር እዚያ ማምጣት ልጆቹን ያለ ጥፋታቸው መውቀስ ነው። የፖሴሽን ብዛትም ይለያያል። በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ጨዋታው 40 ደቂቃ ስለሆነ ከ70 እስከ 80 ገደማ ይጠብቁ፣ በዛሬው የ48 ደቂቃ ኤንቢኤ ወደ 100።

ቁጥሩ ምን እንደሠራው መመርመር

እዚህ ነው መለኪያው ዋጋ የሚያወጣው። በፊባ ሕግ የተደረገ አንድ ጨዋታ ለምሳሌ ልፍጠር፦

ቡድን ሀ፦ 78 ነጥብ። 64 ሞክሮ 29 አገባ፣ ከነዚህ 7ቱ ሦስት ነጥብ። ፍሪ ትሮው ከ20 13። የማጥቃት ሪባውንድ 12፣ የመከላከል 26፣ ተርንኦቨር 14።

ቡድን ለ፦ 71 ነጥብ። 60 ሞክሮ 26 አገባ፣ ከነዚህ 8ቱ ሦስት ነጥብ። ፍሪ ትሮው ከ15 11። የማጥቃት ሪባውንድ 8፣ የመከላከል 25፣ ተርንኦቨር 16።

የሀ ፖሴሽን 64 + 8.8 − 12 + 14 = 74.8። የለ 60 + 6.6 − 8 + 16 = 74.6። ተቀራርበዋል፣ ጥሩ ምልክት ነው። አማካያቸውን 74.7 ለሁለቱም እንጠቀም። ሀ 78 ÷ 74.7 = 1.04፤ ለ 71 ÷ 74.7 = 0.95።

የተሸነፈው ቡድን አሰልጣኝ ከጨዋታው በኋላ «ዛሬ ኳሱ አልገባ አለን» ቢል ሁሉም ይቀበለዋል። እንፈትሸው። ሦስት ነጥብ ከሁለት ስለሚበልጥ ተራውን መቶኛ ትተን፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ነጥብ ግማሽ ቅርጫት እንጨምርለታለን። ሀ፦ (29 + 3.5) ÷ 64 = 50.8 በመቶ። ለ፦ (26 + 4) ÷ 60 = 50.0 በመቶ። ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች ነው! ኳሱ ለለም ገብቷል።

ታዲያ 7ቱ ነጥብ ከየት መጣ? ተርንኦቨር ለፖሴሽን ሲካፈል ሀ 18.7 በመቶ፣ ለ 21.4 በመቶ። ሪባውንድ ደግሞ፦ ሀ በራሱ ሙከራ በኩል ከወደቁት 37 ኳሶች (የራሱ 12 እና የለ 25) 12ቱን ወስዷል፣ 32.4 በመቶ፤ ለ ከ34ቱ 8 ብቻ፣ 23.5 በመቶ። በዚህ የተነሳ ሀ በእኩል ፖሴሽን 4 ሙከራና 5 ፍሪ ትሮው ተርፎታል። አሰልጣኙ ሰኞ ልምምድ ላይ ሰዓቱን በሹት ቢያጠፋ በሽታው ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ ይሆናል። መሥራት ያለበት ተጋጣሚን አግዶ ሪባውንድ መያዝ ላይ ነው።

እነዚህ አራት ነገሮች፣ ማለትም የሙከራ ጥራት፣ ተርንኦቨር፣ የማጥቃት ሪባውንድና የፍሪ ትሮው ድርሻ፣ ዲን ኦሊቨር የተባለው የቅርጫት ኳስ ስታትስቲክስ ባለሙያ ለይቶ ያወጣቸው ናቸው። ክብደታቸውን በግምት 40፣ 25፣ 20 እና 15 በመቶ ብሎ አስቀምጦታል። በአንድ ጨዋታ ግን ከላይ እንዳየነው ሦስተኛው አንደኛውን ሊበልጠው ይችላል፤ ክብደቱ የዓመት እንጂ የአንድ ምሽት አይደለም።

ለአንዲት ውሳኔ መጠቀም

በፖሴሽን ማሰብ የለመደ ሰው ክርክሩን በስሌት ይጨርሳል። ከመሃል ርቀት 40 በመቶ የሚያገባ ተጫዋች በሙከራ 0.80 ነጥብ ያመጣል። ከሦስት ነጥብ 35 በመቶ የሚያገባው 1.05። የመጀመሪያው ደጋግሞ ሲያገባ ስለሚታይ «እጁ የማይስት» ይባላል፣ ሁለተኛው ከሦስቱ ሁለቱን ሲስት ይወቀሳል። ስቴፈን ከሪ በ2015–16 ከሦስት ነጥብ መስመር 886 ሞክሮ 402 አገባ፤ 1,206 ነጥብ፣ በሙከራ 1.36። ከቅርጫት ሥር ነጥብ የሚያገኝ ግዙፍ ሴንተር ይህን ለመድረስ 68 በመቶ ማግባት አለበት።

ከሁሉ የሚጥመኝ ግን የሎስ አንጀለስ ሌከርሱ ግዙፍ ሴንተር የሻኪል ኦኒል (ሻክ) ጉዳይ ነው። በ1999–2000 ሻክ ፍሪ ትሮው የሚያገባው 52.4 በመቶ ብቻ ስለነበር ተጋጣሚዎች ኳስ ባይኖረውም ሆን ብለው ፋውል ይሠሩበት ነበር። ሁለት ፍሪ ትሮው ሲመታ የሚጠበቀው 2 × 0.524 = 1.05 ነጥብ ነው። ሌከርስ በተራ ፖሴሽን የሚያገኘው ደግሞ ወደ 1.07። ይህ ሁሉ መጎተትና መገፋት፣ ይህ ሁሉ ፋውል፣ ለ0.02 ነጥብ! ይባስ ብሎ ሻክ ሲመታ ሌከርስ ተረጋግቶ ለመከላከል ይሰለፋል፣ የሳተውንም አንዳንዴ መልሶ ይይዘዋል። በስሌት ካየነው ዘዴው ምንም አላተረፈም ማለት ይቻላል። ኳሱ ቅርጫት ሥር እጁ ከገባ በኋላ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ከሜዳ 57.4 በመቶ ስለሚያገባ ሙከራው 1.15 ያወጣል፣ እዚያ ላይ ፋውል 0.10 ያተርፋል።

የሎስ አንጀለስ ክሊፐርሱ ሴንተር የደአንድሬ ጆርዳን ግን ሌላ ነው። በ2015–16 43.0 በመቶ ብቻ አገባ፤ ሁለቱ 0.86 ያወጣሉ፣ የሊጉ አማካይ 1.06 በነበረበት። በእያንዳንዱ ፋውል 0.20 ነጥብ ትርፍ። አሰልጣኞች ይህን ስላወቁ ጨዋታው ወደ ፍሪ ትሮው ሰልፍ ተለወጠ፣ ኤንቢኤም በ2016 ሕጉን አጠበቀ፤ ቀድሞ በአራተኛው ሩብ የመጨረሻ 2 ደቂቃ ብቻ ይሠራ የነበረው ከኳስ ውጪ ፋውል ላይ ያለው ቅጣት ወደ ሁሉም ሩብ የመጨረሻ 2 ደቂቃ ሰፋ። በፊባ ሕግ የሚጫወቱ ከሆነ ይህን አይሞክሩት፤ ኳሱን ሳይሹ ሰውየውን ብቻ የሚይዝ ፋውል ስፖርታዊ ያልሆነ ፋውል ሊባል ይችላል፣ ተጋጣሚው ሁለት ከመታ በኋላ ኳሱንም መልሶ ያገኛል፣ ፖሴሽኑም አያልቅም።

ሩብ ሊያልቅ ሲል ያለው ጨዋታም የዚሁ ስሌት ነው። 35 ሰከንድ ሲቀር ኳስ የያዘ ቡድን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከሞከረ፣ ተጋጣሚው 24ቱን ሰከንድ ቢጠቀምም የመጨረሻው ፖሴሽን ተመልሶ ይመጣለታል። ተጣድፎ የሞከረው 0.9፣ የመጨረሻው 0.8 ቢሆን እንኳ ድምሩ 1.7 ነው፤ ተረጋግቶ አንድ ጊዜ ቢያጠቃ 1.1 ብቻ። የፖሴሽን እኩልነት በአንድ የሚዛባው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው፣ ብልህ ፖይንት ጋርድም (ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች) ሰዓቱን ቀና ብሎ የሚያየው ለዚህ ነው።

የሚያሳስቱ ቦታዎች

ቁጥሩ የቡድን ነው። ለአንድ ተጫዋች የሚወጣውን ተመሳሳይ ቁጥር በጥንቃቄ ያንብቡ። በአንዳንድ ምንጮች ለተጫዋች የሚሰጠው በ«ፕሌይ» የሚገኝ ነጥብ ነው፤ እዚያ የማጥቃት ሪባውንድ አዲስ ፕሌይ ይጀምራል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከቡድን ፖሴሽን ዝቅ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር አይቻልም። ደግሞም ሌሎች የሠሩለትን ኳስ ከቅርጫቱ ሥር ብቻ የሚያስገባ ተጫዋች ቁጥሩ ከኮከቡ ሊበልጥ ይችላል። ኮከቡ 24ቱ ሰከንድ ሊያልቅ 3 ሲቀረው ኳሱ ይወረወርለታል፣ ያኛው አይወረወርለትም።

የተጋጣሚውን ጥንካሬም ቁጥሩ አያውቅም። ደካማ ቡድን ላይ 1.20 ማግኘትና ሻምፒዮኑ ላይ 1.05 ማግኘት የቱ ይሻላል? እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በ30 ነጥብ ልዩነት የተጠናቀቀ ጨዋታ የመጨረሻ 5 ደቂቃም ተቀያሪዎቹ የሚጫወቱበት ስለሆነ ደብተርዎ ላይ መስመር አስምረው ቢለዩት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን የአንድ ጨዋታ ቁጥር ይዋዥቃል። አንድ ፖሴሽን አብዛኛውን ጊዜ 0፣ 1፣ 2 ወይም 3 ነጥብ ነው፣ ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። በ75 ፖሴሽን ጨዋታ የአንድ ቡድን ቁጥር በዕድል ብቻ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.13 ያህል መንሸራተቱ የተለመደ ነው፤ ይህ በነጥብ 10 ነጥብ ነው። ከላይ ያየነው 1.04 ለ 0.95 በዚህ ውስጥ ይወድቃል። ሀ ያንን ጨዋታ አሸንፏል፣ ከለ የተሻለ ቡድን ነው ለማለት ግን ገና ነው።

ስለዚህ ጨዋታዎችን ያጠራቅሙ። ሲያጠራቅሙም የየጨዋታውን ውጤት ደምረው ለጨዋታ ብዛት አያካፍሉ። አንዱ ጨዋታ 62 ፖሴሽን፣ ሌላው 84 ሊሆን ይችላል፣ እኩል ክብደት ሊኖራቸው አይገባም። የሁሉንም ጨዋታ ነጥብ ለብቻ ይደምሩ፣ የሁሉንም ፖሴሽን ለብቻ ይደምሩ፣ ማካፈሉ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ይሁን። የተቆጠረብዎትንም እንዲሁ በሌላ ዓምድ ይያዙ፤ በ1990–91 የነበረው የዴንቨር ገጽ ላይ በማጥቃት 105.2፣ በመከላከል 114.7 ተጽፎ ይገኛል።